የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት በራስ እጅ፦ ቋሚ ከመተከሉ በፊት የሚሠራው ሥራ

በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የራሳችሁን ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ የቤቱ ዕድሜ የሚወሰነው ገና ግንባታው ሳይጀመር ነው። የጭቃ ቤት የሚፈርሰው በውሃ ነው። ጣሪያው ያፈስሳል፤ የግድግዳው እግር ከመሬት እርጥበት ይጠጣል፤ ወይም እርጥብ ሆኖ የተመታ እንጨት ሲደርቅ ተጣሞ ጭቃውን ይሰነጥቀዋል። እነዚህ ሦስቱ አስቀድመው ከታሰቡ ቤቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ካልታሰቡ በየዓመቱ መለጠፍና መጠገን ነው።

ይህ መመሪያ ለደጋና ለወይና ደጋ አካባቢ፣ 6 በ8 ሜትር ለሆነ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት የተዘጋጀ ነው። አቆጣጠሩ ከሐምሌ ይጀምርና ግንቦት ላይ ያበቃል። ሥራው ራሱ ከጥር ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት በሙሉ የዝግጅት ናቸው፤ ስለእነሱ ነው የምጽፈው።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ቦታውን በዝናብ እዩት

ብዙ ሰው ቦታ የሚያየው በበጋ ነው። በበጋ ግን ሁሉም ቦታ ያምራል። እውነቱን የምታውቁት በሐምሌ፣ ከባድ ዝናብ እየጣለ ወይም ገና እንዳባራ ስትሄዱ ነው። ጃንጥላና ቦቲ ይዛችሁ ውጡና ጎርፉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ውሃ የተኛበትን ቦታ በካስማ ምልክት አድርጉ። በማግስቱም ተመልሳችሁ ውሃው ሰርጎ እንደሆነ እዩ። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት የሚውል ቦታ ላይ ቤት አይቆምም። ለጓሮ አትክልት ተዉት።

መሬቱ ትንሽ ተዳፋት ቢኖረው ጥሩ ነው። ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለመቆፈር ይመቻል። ቦዩ የት እንደሚያልፍ አሁኑኑ ወስኑ፤ ውሃው ጎረቤት ግቢ እንዳይገባም አስቡ። በኋላ የሚመጣ ጠብ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚነሳው።

አፈሩንም በዚሁ ጊዜ እዩ። ጥቁር ዋልካ መሬት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረትን ይዞ ይንቀሳቀሳል። ምርጫ ካላችሁ ቀይ አፈር ያለበትን ውሰዱ። ምርጫ ከሌለ ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ መውረድ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ስለሆነ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ፀሐይንም አትርሱ። ደጋ ከሆነ ጠዋት ሙቀት እንዲገባ በርና መስኮት ወደ ምሥራቅ ቢሆን ቤቱ ቶሎ ይሞቃል። ሞቅ ያለ ወይና ደጋ ከሆነ ሰፊው ግድግዳ የምዕራብ ፀሐይ እንዳይመታው ቤቱን ማዞር ይሻላል። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱ በታች በኩል ቢሆን ይመረጣል።

ወረቀቱ

በከተማ ውስጥ ከሆናችሁ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወደ ወረዳው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባን በመሰለ ትልቅ ከተማ የአካባቢው ፕላን የእንጨትና የጭቃ ቤት ላይፈቅድ ይችላል። ይህን እንጨቱ ግቢ ከተራገፈ በኋላ ማወቅ ያማል። በገጠር ከሆናችሁ የይዞታ ደብተራችሁ በስማችሁ መሆኑን፣ ለባልና ሚስት ከሆነም ሁለቱም መመዝገባቸውን አረጋግጡ። የድንበሩን ምልክት ከጎረቤቶች ጋር ሆናችሁ እዩት።

አገር በቀል ዛፍም ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ጥድና ወይራ ምስጥንም ብስባሽንም በደንብ ይቋቋማሉ፤ አባቶቻችን ለቋሚ የመረጧቸው በምክንያት ነው። ዛሬ ግን የቀሩት ጥቂት ናቸው። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጥድ ቋሚ ካገኛችሁ ግዙት፤ ለማዕዘን ከእሱ የሚሻል የለም። ቆሞ ያለውን ጥድ ግን ተዉት። ለዚህ ሥራ ባሕር ዛፍ በቂ ነው።

መስከረም፦ ልኩን በወረቀት፣ ከዚያ በመሬት

ንድፉ ቀላል ይሁን። አራት ማዕዘን፣ ባለ ሁለት ተዳፋት ጣሪያ። ማዕዘን በበዛ ቁጥር ውሃ የሚገባበት መጋጠሚያ ይበዛል። በ6 በ8 ቤት ውስጥ 4 በ6 የሆነ ሳሎንና እያንዳንዳቸው 4 በ3 የሆኑ ሁለት መኝታ ቤቶች ይወጣሉ። ማድ ቤቱ ለብቻው ውጭ ቢሆን ለጭሱም ለእሳት አደጋውም ይሻላል።

ልኩን ወደ መሬት ስታወርዱ ገመድና አራት ካስማ ይበቃል። 6 በ8 የሆነ ቤት አንድ ምቹ ነገር አለው፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ስትለኩት ልክ 10 ሜትር መምጣት አለበት። ሁለቱም ሰያፎች 10 ከሆኑ ማዕዘኖቹ ትክክል ናቸው። አንዱ 10 ከ15 ሌላው 9 ከ85 ከመጣ ካስማውን አንቀሳቅሱ። እዚህ ላይ የቀረ ስህተት ቆርቆሮ ሲመታ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ሳሎኑ በገመድ ውስጥ ሲታይ ጠባብ ይመስላል፤ አትደንግጡ። አልጋና ሶፋችሁን ለክታችሁ በጠመኔ ወይም በአመድ መሬቱ ላይ ሳሉት። በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ሶኬት የት እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ይታወቃችኋል። የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ከምርጊቱ በፊት ስለሚገባ ቦታው ቀድሞ መወሰን አለበት።

ስንት እንጨት፣ ስንት ቆርቆሮ

አናጢው በግምት «መቶ ምናምን አጣና» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም።

የውጭው ግድግዳ ዙሪያ 28 ሜትር ነው። የውስጡ 6 እና 4፣ በድምሩ 10። ስለዚህ 38 ሜትር ግድግዳ አላችሁ። ቋሚ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ከቆመ 76 ይሆናል። ለማዕዘን፣ ለበርና ለመስኮት ዳር ሲጨመር ወደ 90 ይደርሳል። የሚጣመምና የሚሰነጠቅ ስለማይጠፋ 100 ቋሚ ያዙ።

የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር ከ70 ቢሆንና ማገሩ (በቋሚዎቹ ላይ በአግድም የሚመታው ቀጭን እንጨት) በየ30 ሳንቲ ሜትር ቢመታ 9 ረድፍ ይወጣል። ከውስጥና ከውጭ ስለሚመታ 18። ይህን በ38 ስታባዙት 684 ሜትር ነው። ባለ 4 ሜትር ማገር ከገዛችሁ 171፤ 180 ብታደርጉት አይጎድልባችሁም። ማገሩ ከየቋሚው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ አንድ ሚስማር አለ። 90 ቋሚ በ18 ረድፍ ከ1,600 ሚስማር በላይ ማለት ነው። ብዙ ሰው በጀቱ የሚዛባው ሚስማሩን ስለሚረሳ ነው።

ጣሪያው ከግድግዳው በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ይህን አትቀንሱ፤ ግድግዳውን ከዝናብ የሚጠብቀው ይህ ነው። መሐሉ ከግድግዳው አናት 1 ሜትር ከ10 ያህል ከፍ ቢል የአንዱ ጎን ተዳፋት 3 ሜትር ከ83 ይመጣል። ሁለት ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ 17 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ ልክ ይሸፍነዋል፤ መቁረጥም ብክነትም የለም። በርዝመቱ 9 ሜትር ከ20 አለ። አንዱ ቆርቆሮ ከተደራረበ በኋላ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን 12 ያስፈልጋል። 12 በ4፣ 48 ቆርቆሮ። ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ጨምሩ። ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ ቁጥር ሲያድግ ውፍረቱ እንደሚቀንስ አስታውሱ፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል። በረዶ በሚበዛበት ደጋ ለወፍራሙ የሚከፈለው ልዩነት አያስቆጭም።

ለጣሪያው እያንዳንዱ አንድ ሜትር ተራርቆ የሚቆም 9 ማዕቀፍ (ጣሪያውን የሚሸከም ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት) በቂ ነው። ለእነሱ 18 ወራጅ (በተዳፋቱ የሚወርደው እንጨት) እና 9 ረጅም አግዳሚ ይሄዳል። ቆርቆሮው የሚመታበት ሞራሌ በየጎኑ 5 ረድፍ ቢሆን ወደ 92 ሜትር ነው፤ ባለ 4 ሜትር 26 ሞራሌ ግዙ። እዚህ ላይ ክብ እንጨት ከመጠቀም የተሰነጠቀ ሞራሌ ይሻላል። ቆርቆሮው ተስተካክሎ ይተኛል፤ በሚስማሩ ዙሪያም ውሃ አይገባም።

ጥቅምት፦ እንጨቱ

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በ1879 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በአጭር ጊዜ ዙሪያዋ ያለውን ደን ጨርሳ ነበር። የማገዶ እጥረቱ ከመባሱ የተነሳ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደነበር ይታወቃል። ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ከተማዋን አተረፋት። ከዚያ ወዲህ አጣናውም፣ ማገሩም፣ ሞራሌውም ከእሱ ነው።

ሁለቱን ዓይነቶች ለዩ። በደጋ የበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ለማገርና ለወራጅ ይመቻል። ቀይ ባሕር ዛፍ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ምስጥና እርጥበትን ከነጩ ይበልጥ ይታገሳል። ከተገኘ ለቋሚ እሱን ምረጡ።

ቋሚ በወፍራም ጫፉ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የማዕዘኑ ከዚያ ይወፍር። ወራጅ ከ8 እስከ 10፣ ማገር ከ4 እስከ 6። ቆሞ ያለውን ዛፍ ስትመርጡ ግንዱ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ካያችሁ ተዉት። ሲደርቅ በዚያው መንገድ ይዞራል፤ ሚስማርም አይገታውም።

የቆረጣው ጊዜ ዝናቡ እንደወጣ ነው። ከሚያስፈልጋችሁ ልክ 30 ሳንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ፤ የባሕር ዛፍ ጫፍ ሲደርቅ መሰንጠቁ ስለማይቀር በኋላ ታሳጥሩታላችሁ። ዛፉ የራሳችሁ ከሆነ ጉቶውን ዝቅ አድርጋችሁ በስለት፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ አጣና ይሰጣችኋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። ብዙ የጭቃ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ በሚደረግ ጥድፊያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ቅርፊቱን ወዲያው ላጡት። ትኩስ እያለ በእጅ ይለቃል፤ ከሰነበተ መጥረቢያ ይፈልጋል። ቅርፊት እርጥበት ይይዛል፣ ነቀዝም ያሳድጋል። ቀጥሎ ሁለቱን ጫፍ አሮጌ ቀለም ወይም ወፍራም ጭቃ ቀቡት። ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ይረዳል።

ከዚያ ጥላ ውስጥ ደርድሩት። ከሥሩ ድንጋይ አድርጋችሁ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር አንሡት። በየረድፉ መሐል ቀጫጭን እንጨት አግድሙ፤ አየር ይግባ። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት፤ እንዳይጎብጥ ይይዘዋል። ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ባሕር ዛፍ በሳምንት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብላችሁ አታውጡት። ቆርቆሮ ለብሶ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ካላችሁ በቂ ነው።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? ከክምሩ ሁለት እንጨት ምልክት አድርጉና በየሁለት ሳምንቱ በሚዛን መዝኗቸው። ክብደታቸው መቀነሱን ሲያቆም ደርሰዋል። ሚዛን ከሌለ ሁለቱን አጋጩ፤ ደረቅ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ይታፈናል። ከጥቅምት ወደ ጥር ያሉት ደረቅ ወራት ለቀጫጭኑ በቂ ናቸው። ወፍራሞቹ ውስጣቸው ትንሽ እርጥበት ሊቀራቸው ይችላል፤ ስለዚህ ቀድመው ይቆረጡ።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ መሠረቱ

በተለምዶ ቋሚው ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ከመቀበሩ በፊት እግሩ በእሳት ይለበለባል ወይም በተቃጠለ ዘይት ይነከራል። ይህ ዕድሜውን ያራዝማል እንጂ አያድነውም። የሚበሰብሰው ደግሞ ሁልጊዜ አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

የእኔ ምክር የድንጋይ መሠረት ነው። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቆፍራችሁ በድንጋይና በሲሚንቶ ገንቡ፤ ከመሬት በላይም 50 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። የዕድሜ ጠገብ የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳቸው ጭቃና እንጨት ሆኖ ረጅም ዘመን የቆሙት ከሥር ድንጋይ፣ ከላይም ወጣ ያለ ጣሪያና በረንዳ ስላላቸው ነው። በድንጋዩ አናት ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ እርጥበት ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ ይከለክላል። ቋሚው የሚታሰርበት ፌሮ (የግንባታ ብረት) ግንባታው ላይ አብሮ ይቀበር። ቋሚው በዚህ መንገድ ከመሬት ሲለይ የመቀበሩን ጥንካሬ ያጣል፤ ስለዚህ በየማዕዘኑ ሰያፍ ድጋፍ የግድ ነው። ለነፋስም ለመሬት መንቀጥቀጥም የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ምስጥ በበዛበት አገር፣ ለምሳሌ በምዕራብ ወለጋ፣ የድንጋዩ መሠረት ሌላም ጥቅም አለው። ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመውጣት በድንጋዩ ፊት ላይ የጭቃ መንገድ ይሠራል። ፊቱ ገላጣ ከሆነ ታዩታላችሁ፤ በየሳምንቱ ዞራችሁ ታፈርሱታላችሁ። ለዚህ ሲባል ሣርና አበባ ከግድግዳው ጋር አታስጠጉ።

አፈሩና ጭዱ

የግድግዳው ስፋት በርና መስኮት ሲቀነስ 90 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ 13 ሜትር ኩብ ገደማ አፈር ይፈልጋል፤ ወደ አንድ ሲኖትራክ የሚጠጋ ነው። ውሃውም በሺህ ሊትር የሚቆጠር ስለሆነ በርሜልና የውሃ ምንጭ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

አፈሩን ለመፈተን በጠርሙስ ግማሽ ድረስ አፈር ጨምራችሁ ውሃ ሙሉበትና በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡ። አሸዋው ወዲያው ይተኛል፤ ሸክላው እስከ ማግስቱ ውሃውን ያደፈርሳል። አብዛኛው አሸዋ ከሆነ አይያያዝም፤ አብዛኛው ሸክላ ከሆነ ይሰነጠቃል።

ከዚህ የሚሻለው ፈተና ግን ናሙና ግድግዳ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ማገር መትታችሁ በሦስት ከፍሉት። አንዱን ጥቂት ጭድ፣ ሁለተኛውን መካከለኛ፣ ሦስተኛውን ብዙ ጭድ ባለው ጭቃ ምረጉት። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ስንጥቁ ያነሰበትን ድርሻ ለሙሉ ቤቱ ውሰዱ። የየአካባቢው አፈር ስለሚለያይ ሌላ ሰው የነገራችሁ መጠን ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ከጭቃው ጋር በደንብ ይያያዛል። የሚገዛው ታኅሣሥና ጥር፣ ውቂያ ላይ ነው። ያን ጊዜ በብዛት ይገኛል። ሰኔ ላይ ብትፈልጉት ለከብት ተሽጦ አልቋል። ከዝናብ በተጠበቀ ቦታ አስቀምጡት።

ጭቃው ከመመረጉ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት ይቡካ። በየጊዜው ውሃ እየጨመራችሁ እርገጡት። ሽታው ሲለወጥና እጅ ላይ ሲለጠፍ ደርሷል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ወስኑ፤ የመጨረሻውን ልስን በሲሚንቶ ለማድረግ አታቅዱ። ሲሚንቶና ጭቃ እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይጨማደዱም። ስንጥቅ ይወጣል፤ በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከጊዜ በኋላ ልስኑ በትልቁ ተገንጥሎ ይወድቃል። በደቃቅ ጭድና በእበት የተለሰነ፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ለማደስም ቀላል ነው።

ገንዘቡና ሰዉ

ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ቆርቆሮና ሚስማር ገንዘብ እንዳገኛችሁ ግዙ፤ አይበላሹም፤ ሲሚንቶውን ግን ከእርጥበት ጠብቁ፣ ረጅም ጊዜም አታቆዩት። ከጠቅላላው 15 በመቶ ለመጠባበቂያ አስቀምጡ።

አናጢ ስትመርጡ ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት የሠራውን ቤት ያሳያችሁ። አዲሱን ማየት ምንም አይነግራችሁም። ሄዳችሁ የግድግዳውን እግርና የመስኮቱን ሥር እዩ፤ ባለቤቱንም ስለ ክረምቱ ጠይቁ። ክፍያው በቁርጥ ከሆነ በጽሑፍ ይሁንና በሦስት ክፈሉት፦ ማገሩ ሲያልቅ፣ ቆርቆሮው ሲመታ፣ በርና መስኮቱ ገብቶ ሲያልቅ። ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ገንዘብ እየላካችሁ ለእናት አባት የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህ ለእናንተ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አትላኩ። የምታምኑት ሰው በየደረጃው ሜትር ይዞ እየለካ በቪዲዮ ያሳያችሁ።

ለምርጊቱ ደቦ መጥራት ከተቻለ የሚመረጠው እሱ ነው። ጭቃ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዙሪያውን ሲመረግ እኩል ይደርቃል፤ በየሳምንቱ የተቀጣጠለ ግድግዳ ግን መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። እንጀራውና ጠላው በበጀቱ ውስጥ ይግባ። ለጎረቤት የምትመልሱት የጉልበት ቀንም እንዳለ አስቡ፤ ወንፈል የሚጸናው በመመለስ ነው።

ጥር ሲገባ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቋሚና ሰያፍ ድጋፍ፣ ማገር፣ ጣሪያ፣ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ምርጊት። ግድግዳ ከጣሪያ በፊት አይመረግም፤ የበልግ ዝናብ በአንድ ሌሊት ያጥበዋል። ወራጁን ከግድግዳው አናት ጋር በሚስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦም እሰሩት፤ ነፋስ ጣሪያን የሚያነሣው ከሥር ገብቶ ነው።

ቆርቆሮው ጥር መጨረሻ ከተመታ ምርጊቱ የካቲት ላይ ያልቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ይደርቃል፤ በመድረቁ የሚወጣውን ስንጥቅ በሁለተኛው ጭቃ ትሞላላችሁ። ልስኑና ኖራው ግንቦት ላይ ነው። አሸንዳውና የጎርፍ ቦዩ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይጠናቀቁ። እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ እንጨቱ ካልደረቀ ወይም ገንዘቡ ለቆርቆሮው ካልበቃ ግን አትጀምሩ። እንጨቱን እንደተደረደረ አልብሱትና መጪውን ጥቅምት ጠብቁ። በዳስ ሥር አንድ ክረምት ያሳለፈ እንጨት ይብስ ይደርቃል እንጂ አይበላሽም፤ ጣሪያ ሳይለብስ ክረምት ያገኘው ቤት ግን እንደገና መሠራቱ አይቀርም።